እርሾው እንዳይሞት የሰጉ እናት

እናታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1974 ዓ.ም. በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በጽዳት ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የማብላያው ታንከር ተቆጣጣሪ ሆኑ። በታንከሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን የሰፈሩን የሽንት ቤት ፍሳሽ አብላልተው ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም በጣቢያው ቧንቧ ጫፍ ላይ ሌት ተቀን ይነድዳል። እናታችን እነዚህን ተህዋስያን «እርሾ» ስለሚሏቸው ባልደረቦቻቸው «እሜቴ እርሾ» አሏቸው፤ አልተቆጡም።

በ1979 ዓ.ም. ከቧንቧ ሠራተኛው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ወለዱ። አባታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ እሷ የመጣውን ታስተናግዳለች» እያሉ ያስቁ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በብዛት ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ደፋ። በሽታን የሚገድለው መድኃኒት እርሾውንም ገደለው። ታንከሩ ኮመጠጠ፤ አረፋው ገነፈለ፤ የጋዙ ነበልባል ጠፋ። እናታችን «ልጆቼን መረዙብኝ!» እያሉ ተብሰከሰኩ። ከሌላ ጣቢያ እርሾው ያልሞተበት ዝቃጭ አስመጥተው ቀስ በቀስ እስኪያስነሡት ድረስ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ቤት ሁሉ «የተረፈውን መድኃኒት የት ጣላችሁት?» ሳይሉ አይወጡም፤ ጎረቤትም ሲመጡ ካያቸው ብልቃጡን ይደብቅ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥጋታቸው አልለቀቃቸውም። ዘንድሮ ሳንባቸውን ታመው ሐኪሙ ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ሲያዝላቸው አልውጥም አሉ። ትርፉ በሽንት ወደ ታንከሩ እንደሚሄድ ያውቃሉና። አባታችን ቢለምኗቸው «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ አንድ ነፍስ ስንት ነፍስ ላስፈጅ?» አሉ። ቤታችን ሁሉ ተጨነቀ።

በመጨረሻ የጣቢያው ኢንጂነር መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። «እሜቴ፣ የአንድ ሰው ኪኒን ለዚያ ታንከር ወንዝ ውስጥ እንደገባች ጠብታ ነው። እርሾው አይሞትም፤ እርስዎ ግን ይሞታሉ» አሏቸው። እናታችን አንዱን ዋጡ። በማግስቱ ወደ ጣቢያው አስደውለው ነበልባሉ እንዳልጠፋ ሲሰሙ «እንግዲያውስ ቀሪውንም ስጡኝ» አሉ።

ነገር ግን በሽታው ቀድሟቸው ነበር። ቀሪውን ሳይጨርሱ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት ታናናሾቻቸውንም ትተው ሄደዋል። በቤታችሁ የተረፈ መድኃኒት ያላችሁ፣ አደራ፣ ወደ መድኃኒት ቤት መልሱት እንጂ ሽንት ቤት አትድፉብን።

ለሌላው ሲሰጋ ለኖረው ነፍሳቸው ፈጣሪ እርጋታን ይስጥልን።