ስለ ዓርቡ አንድ ኮከብሽ

ውድ አበልጄ ኤውላሊያ፣

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለሽ ፖስታውን አታገላብጪ። የእኔ ነው፤ የቶማሳ። ማንም አልጻፈልኝም፤ ማንም አላረመልኝም። «የቶማሳ እጅ ሊጥ እንጂ ቀለም አያውቅም» እያልሽ ደንበኛ ፊት ትቀልጂብኝ ነበር። አሁን ሁለቱንም ያውቃል። ስለዚህ በጾሙ መጀመሪያ ስለ ቡሪቶ ቤታችን በስልክ ላይ የጻፍሽውን አስተያየት ከራሱ እስከ እግሩ አንብቤዋለሁ። ስምሽን ደብቀሽ «የድሮ ደንበኛ» ብለሻል። ለመሆኑ በዚህ ቤት መቼ ከፍለሽ በልተሽ ታውቂያለሽ?

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ብደውል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እሳደባለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ወረቀት ከአፍ አይነጥቅም።

መጀመሪያ ፊደል እንዴት እንደ ቆጠርኩ ልንገርሽ። አንቺ የድንበሩን ድልድይ ተሻግረሽ አሜሪካ፣ ኤል ፓሶ ከቀረሽ ወዲህ ቤቱን ይዞ ያቆመልኝ የወንድሜ ልጅ ኤፍሬን ነው። የምሳው ግርግር ሲያልፍ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ሰዎች ስለ እኛ የጻፉትን ከስልኩ ያነብልኝ ነበር። «አክስቴ፣ ይኼኛው ‹እጅ ያስቆረጥማል› ይላል። ይኼኛው ደግሞ ‹ከሁዋሬዝ ከተማ አንደኛ› ብሏል።» እኔም ሁሉም እንዲያ የሚል መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እዞር ነበር። አንድ ቀን ባንኮኒ ላይ የምትሠራው ልጅ፣ ያዲራ፣ ስልኳን እያየች ብቻዋን ስትስቅ ያዝኳት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም፣ እትዬ ቶማሳ።»

«ምንም አያስቅም። አንብቢው።»

«ይቆጡኛል።»

«ካላነበብሽ ነው የምቆጣው።»

አነበበችው። «ቡሪቶው ጥሩ ነው፤ ከጀርባ ሆና የምትጮኸው ሴትዮ ግን ከምግቡ ጋር ኩርፊያ ጠቅልላ ትሰጣለች» ይላል።

ለካ ኤፍሬን የሚጥመውን እየመረጠ ነበር የሚያጎርሰኝ፤ ጥርስ እንዳላወጣ ሕፃን። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠውን ትምህርት ጀመርኩ። መምህሩ ለምን መማር እንደፈለግን ጠየቀን። አንዷ «መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ» አለች። ሌላዋ «ከልጅ ልጆቼ ጋር ለመጻጻፍ» አለች። እኔ «የሚሰድቡኝን ለማወቅ» አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

አወቅኋቸውም። አንዱ ምግቡን ሳይቀምስ፣ መኪና ማቆሚያ አጣሁ ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቷል። ሌላው አምስት ኮከብ ሰጥቶ ስለ ያዲራ ዓይን ብቻ ጽፏል፤ ስለ ቦሎቄው አንድ ቃል አልወጣውም። አንዷ ቃሪያው አቃጠለኝ ትላለች፤ ቃሪያ ምን እንዲያደርጋት ፈልጋ እንደነበር አልጻፈችም። ከሩቅ የመጣ አንድ ሰውዬ ደግሞ «ትንሽ ነው፤ ሩዝ የለበትም፤ ቀሪው የት አለ?» ይላል። ለእሱ በአንድ ጣቴ ፊደሉን እየለቀምኩ መለስኩለት፦ «ጌታዬ፣ ይኼ ቡሪቶ ነው፤ ፍራሽ አይደለም። ያገኙትን ሁሉ አይጠቀጥቁበትም።» ኤፍሬን ራሱን ያዘ። «አክስቴ፣ ደንበኛ ልታባርሪ ነው» አለኝ። በማግስቱ «ስለ ፍራሹ የጻፈችው ሴት የታለች?» እያሉ መጡ፤ እየሳቁ ገዙ። ሩዝ ለሚፈልግ ከመንገዱ ማዶ ከፍተውለታል፤ ክንድ የሚያህል ቡሪቶ ሩዝ አጭቀው የሚሸጡ። ይሂድ። አንድ ስስ የቶርቲያ ቂጣ፣ ውስጡ የሚጠቀለል አንድ ወጥ። እኔና አንቺ የተስማማነው እንዲህ ነው።

ከዚያ ያንቺ መጣ። በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ቶርቲያው ደረቅ ነው፤ ሲታጠፍ ይጮኻል። ቶርቲያ ሲታጠፍ መጮኽ የለበትም። ድሮ በዚህ ቤት እጅ ነበረ። ዛሬ የለም። አንድ ኮከብ፤ እሱም ለባንኮኒዋ ልጅ ትሕትና።»

ቶርቲያ ሲታጠፍ መጮኽ የለበትም። ይህን ከአንቺ በቀር በሁዋሬዝ ማን ይለዋል? በየጠዋቱ ከብረት ምጣዱ አጠገብ ቆመሽ፣ እኔ የጋገርኩትን አንስተሽ ታጥፊና እንደ ሐኪም ጆሮሽን አስጠግተሽ ትሰሚው ነበር። «ይቺ ዝም ብላለች፣ ትለፍ። ይቺ አጉረመረመች፣ ለእኛ ቁርስ ትሁን።» ያዲራን ጠራኋት።

«ባለፈው ዓርብ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት መጥታ ነበር?»

«አዎ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች። ቦሎቄ ብቻ ነው ያዘዘችው። ‹አሮጊቷ አሁንም አለች?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«‹ከጀርባ ናቸው፣ ልጥራቸው?› ስላት ‹ተዪ፣ ተዪ፤ ቶሎ ጠቅልዪልኝ› አለች። መኪና ውስጥ ሆና ነው የበላችው።»

«ጨረሰችው?»

«ወረቀቱ ብቻ ነው የተረፈው።»

አሮጊቷ አልሽኝ። ትበልጪኛለሽ እኮ። ደረቅ ነው ያልሽውንም እስከ መጨረሻው በላሽው። ይኼ ግን በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።

አሁን ልጠይቅሽ። የመጣሽው በምን ቀን ነበር? ዓርብ። የትኛው ዓርብ? የጾሙ፤ በእኛ ሥርዓት ሥጋ የማይቀመስበት ቀን። ሌላ ነገር ብታዝዢ ኖሮ ያዲራ «ዛሬ ሥጋ የለም» ትልሽና ይገባሽ ነበር። አንቺ ግን እንደ ልማድሽ ቦሎቄ አዘዝሽ፤ የሚያስታውስሽም ሳታገኚ ሄድሽ። ረሳሽው፣ አበልጄ። እኔ አልረሳሁትም።

ያኔ ቤት አልነበረንም። ቡሪቶውን በብርድ ልብስ በተጠቀለለ ሳጥን ይዘን፣ ድልድዩን ለመሻገር ለተሰለፉት መኪኖች በየመስኮቱ እንሸጥ ነበር። ልጅሽ ኔሬይዳ ገና ትንሽ ነበረች፤ ስትጠመቅ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ትኩሳቱ ጥሏት ሆስፒታል የገባች ጊዜ እኔ ሳጥኑን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ ወጣሽ። ዓይንሽ ያበጠ ነበር፤ ድምፅሽ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ተሳልኩ» አልሽኝ።

«ምን ተሳልሽ?»

«ኔሬይዳ ከተነሣች፣ በጾም ዓርብ የአሳማ ስብ እጄን አይነካም። ሥጋውን መተው ብቻ አይደለም፤ ሊጡ ውስጥም አይገባም። ያንቺንም እጅ ጨምሬበታለሁ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«የክርስትና እናቷ አይደለሽ?»

«ያለ ስብ እኮ ቶርቲያው ይደርቃል፣ ኤውላሊያ።»

«ይድረቅ።»

ኔሬይዳ ተነሣች። ቶርቲያውም ደረቀ። በየመኪናው መስኮት «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ይታገሡን» እያልን ሸጥነው። ሰዎቹም ታገሡን፤ ምክንያቱን ነግረናቸው ነበርና።

ከዚያ ቤቱን ከፈትን፤ ከዚያ ባልሽ ማዶ ሥራ አገኘ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልሽ። ቅዳሜው አለቀ። ቤተ ክርስቲያንም ቀየርሽ ሲሉ ሰማሁ። አልወቅስሽም፤ እግዚአብሔርን በየትኛው ወንበር ተቀምጠሽ እንደምታመሰግኚው ያንቺ ጉዳይ ነው። ግን ኔሬይዳ ስትዳር ወሬውን የሰማሁት ከአንድ ቡሪቶ ገዢ አፍ ነው። «የእነ ኤውላሊያ ሠርግ እንዴት ያምር ነበር፤ እርስዎ የት ተቀምጠው ነው ያላየሁዎት?» አለኝ። «ኩሽና ነበርኩ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ኩሽና ነበርኩ፤ የራሴ ኩሽና።

አንቺ ስለትሽን እኔ ላይ ጥለሽ ሄድሽ። እኔ አልጣልኩትም። ጾሙ በገባ ቁጥር ሐሙስ ሥራ ስንጨርስ የስቡን ቆርቆሮ እከድነዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እከፍተዋለሁ። የሊጥ መዳመጫውን እንኳ በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ተናድጄብሽም አጥባለሁ። ይበልጥ ስናደድ ይበልጥ ይጠራል።

አሁን አስተያየትሽ ምን እንዳመጣ ስሚ። ካንቺ በታች ሌሎች ተከተሉ። «የድሮዋ ደንበኛ እውነቷን ነው።» «ዓርብ ሄጄ እኔም አዝኛለሁ።» «ቤቱ ወርዷል።» አዳዲሶቹ ደንበኞች ዓርብ ሥጋ እንደሌለ ይነገራቸዋል፤ ሊጡ ውስጥ ስብ እንደሌለ ግን ማን ነግሯቸው? የዓርቡ ሰልፍ ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ሩዙ ቤት በር ላይ ቆመ። ኤፍሬን መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«አክስቴ፣ የሚጻፈውን አየሽው?»

«አየሁት። ማንበብ እችላለሁ።»

«እንግዲያስ ዓርብም ስቡን እንጨምር። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ስለቱ እኮ ያንቺ አይደለም። ባለቤቷ ራሷ ረስታዋለች፤ ረስታ ደግሞ ሰደበችሽ።»

«ስለትን የሚያነሣው የተሳለው ነው። እኔ ጠባቂ ነኝ።»

«እስክታነሣልሽ ቤቱ ይዘጋል። እኔ ልጆች አሉኝ። እስከ ሆሳዕና ካልተለወጠ ከመንገዱ ማዶ እገባለሁ፤ ጠይቀውኛል።»

አልተቆጣሁትም። ልጁ ሠራተኛ ነው፤ ልጆችም አሉት። እሱ ከሄደ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ ቤቱን ይዤ መቆየቴ ያጠራጥራል፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ለብቻዬ ስሆን አንዱን የዓርብ ቶርቲያ አቀዝቅዤ ጆሮዬ ሥር አጠፍኩት። ጮኸ። ትክክል ነሽ፣ አበልጄ፤ ይጮኻል። ያኔም ይጮኽ ነበር። ልዩነቱ ያኔ ለምን እንደሚጮኽ በየመስኮቱ እየዞርን መንገራችን ነው።

ስለዚህ በቀጣዩ ዓርብ በሩ ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ አወረድኩና ጠመኔ ያዝኩ። ያዲራ «እኔ ልጻፍልዎት» አለች። «ዞር በይ» አልኳት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዛሬ የጾም ዓርብ ነው። ሊጡ ውስጥ ስብ የለም። ቶርቲያው ይደርቃል። ምክንያት አለው።»

መጀመሪያ የቆመው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰሌዳውን አነበበና በባንኮኒው ላይ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

«እማማ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«አንዲት ልጅ ታማ ዳነች።»

«የእርስዎ ልጅ?»

«የክርስትና ልጄ።»

«አሁን ደህና ናት?»

«ተድራለች ይላሉ።»

ሰውየው ገንዘቡን አወጣ። «እንግዲያው ሁለት ቦሎቄ ይስጡኝ» አለ። «ደረቁን።»

ሰልፉ ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም። ገሚሱ አሁንም ከሩዙ ጋር ነው። ገሚሱ ግን ሰሌዳውን አንብቦ ይገባል፤ ጠይቆ ይገዛል፤ ቶርቲያውን ጆሮው ሥር አጥፎ የሚስቅም አለ። አንዲት ሴት በስልክ «ይጮኻል፤ ቢሆንም ለምን እንደሚጮኽ ነግረውኛል» ብላ አራት ኮከብ ሰጠች። አምስተኛውን ለምን እንዳስቀረች አልገባኝም፤ ግን እሷ የምትሰጠው እንጂ እኔ የምወስደው አይደለም።

ካንቺ አስተያየት ሥርም መልስ ጻፍኩ። አይተሽው ይሆናል። «የድሮ ደንበኛ ሆይ፣ የመጡት ዓርብ ነው።» ይኼው ነው። ከተማው ሁሉ ያነበዋል፤ ትርጉሙ የሚገባው ግን ላንቺ ብቻ ነው። በአንቱታ የጻፍኩልሽ ደንበኛ ነኝ ስላልሽ ነው።

እንግዲህ ጉዳዬ ይኼ ነው። ስለቱ ያንቺ ነው፤ የምታነሺውም አንቺ ነሽ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ነዪ። በደንበኛ በር አትግቢ፤ በኩሽናው በር ግቢ፤ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። መነጽርሽን አውልቂ። ኔሬይዳንም ይዘሻት ነዪ፤ የዳነችውን ልጅ ልያት። በኤፍሬን ፊት፣ ሊጡ ፊት ቆመሽ በገዛ አፍሽ «ይበቃል» በይኝ። አልከራከርሽም። ቆርቆሮውን በዚያው ቅጽበት እከፍታለሁ፤ የመጀመሪያውን ቶርቲያ ጋግሬ እሰጥሻለሁ፤ አጥፈሽ ስሚው፤ ዝም ይላል። እጅ አለ ወይስ የለም፣ ያኔ ትጽፊያለሽ።

በስልክ የላክሽውን «ይበቃል» አልቀበልም። በሰው የላክሽውንም አልቀበልም። ስትሳዪ ፊት ለፊቴ ነበርሽ።

ካልመጣሽ ደግሞ መልሱን ድሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰጥተሽኛል፤ ሌላ አልጠብቅም። ኤፍሬን ይሂድ፤ መርቄ እሸኘዋለሁ። ያዲራን ሊጥ መዳመጥ አስተምራታለሁ፤ ልጅቷ እጅ አላት። ጉልበቴም እስካሁን እንደ ቻለው ይችለዋል። ሐሙስ ሐሙስ ቆርቆሮውን እከድናለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ሰሌዳውን በራሴ ጽሕፈት እጽፋለሁ። ቶርቲያው እንደሆነ፣ ይድረቅ።

አበልጅሽ ቶማሳ፣
በገዛ እጄ የጻፍኩት