ቦራን ዘንድሮ ማን ይጋልበው?

እሑድ፣ ጥር 20

ተቀምጬ መጻፍ አልቻልኩም። በጎኔ ጋደም ብዬ ነው። ፊደሉም አብሮኝ ጋደም ብሏል፤ ጥፋቱ የስፌቱ እንጂ የእጄ አይደለም። ከማታ ትምህርት ጓደኞቼ እንደኔ የሚጽፍ የለም። መምህሩም ያውቃል፣ ከአፉ አይወጣለትም እንጂ።

ዓርብ ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ልጅ አጥተን ስድስት ዓመት ስንንከራተት የምትመረመረው ሚስቴ ስመኝ ብቻ ነበረች። አዲሱ ሐኪም «ባልየውስ?» አለ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዘሬን በመሣሪያ አየና፣ ፍሬዬ ላይ ያለው የደም ሥር አብጦ ሙቀቱ ዘሩን እያደከመው ነው አለኝ። በትንሽ ቀዳዳ አስተካክለው በማግስቱ ሸኙኝ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ይኼ ባይሆን እንኳ፣ ዘሩን በቤተ ሙከራ አገናኝተው ማህፀን ውስጥ የሚያኖሩበት ሕክምና አለ ብሏል። ጉድ ያለ ዘመን ነው፤ ደግሞ ልክ እኔ ስኖር መጣ።

አንድ ክፉ ነገር ብቻ፦ «ለጊዜው ፈረስ ላይ እንዳትወጣ» አለ። ረቡዕ ጊዮርጊስ ነው፣ የፈረሰኞች በዓል። የእንጅባራ ፈረሰኛ ሁሉ ስሜን ትቶ በፈረሴ አባ ቦራ ነው የሚለኝ። አባ ቦራ በእግሩ?

ሰኞ

እማዬ ከግምጃ ቤት ከተማ ልትጠይቀኝ መጣች። ቡአ ነው ያወጡልኝ ብያታለሁ። እንደ ልማዷ ለስመኝ ያንን መራራ ሥር በጥብጣ አመጣች፤ ስመኝም እንደ ልማዷ ጠጣችው። ስመኝ የጥሊሊ ልጅ ናት፣ ከወንድሞቿ እኩል ትጋልብ ነበር። መጋለቡን ያስተወቻት እማዬ ናት። «ፈረስ የምትጋልብ ሴት ማህፀኗ አይቋጥርም» ብላ።

ዛሬ ደግሞ ስመኝ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቃ፣ «ጥርባ በኩል አንዲት ደህና ልጅ አለች» አለችኝ።

የተኛሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ

ጓደኛዬ ደሴ መጣ።

«አባ ቦራ ፈራ እየተባለ ነው።»

«እኔ የምፈራው ያንተን ሚስት ወጥ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ቦራን እኔ ልጋልብልህ?»

ስመኝ ከጓዳ ሆና «እኔ እጋልበዋለሁ» አለች። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። በዚህ ሰሞን እኔ ስስቅ የማይስቅ ሰው በዝቶብኛል።

ማታ ልጓሙን ስትወለውል አገኘኋት። እማዬ ታይሻለች አልኳት።

«ትየኝ። ሐኪሙ የከለከለው አንተን ነው።»

የልጓሙን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት።

ረቡዕ፣ ጊዮርጊስ

ኮርቻውን ደሴ ጫነልኝ፤ ሸክምም ክልክል ነው። ጌጡን፣ ቀዩን ጡጣ፣ ግን ለቦራ ራሴ አሰርኩለት። ስመኝ አንድ ጊዜ ብድግ ብላ ወጣችበት፤ ትናንት የወረደች ነው የምትመስለው።

ሜዳው ዳር እማዬ አየቻት። ስትናደድ በአገውኛ ነው የምትጀምረው። ቀጥላ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ደገመችው፦

«ውረጂ አንቺ! አሁንም ልጅ አያምርሽም?»

ሰው ዞረ። ስመኝ ልጓሙን ያዘች። ልትወርድ ነው። እግሯ ከእርካቡ ሲላቀቅ አየሁ።

«እማዬ፣ እሷ ደህና ናት» አልኩ። «የታከምኩት እኔ ነኝ። ቡአ አይደለም፤ ልጅ እንድንወልድ ነው የተቀደድኩት።»

ደሴ ነፍሱን ይማረውና (በሕይወት አለ) ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጮኸ፦

«እና ካንተና ከፈረስህ ደህናው ፈረሱ ነበር በለኛ!»

«እኔ ተጠግኛለሁ። አንተ ይልቅ መቼ ነው የምትታየው?»

ሰው ሳቀ። ስመኝ እግሯን እርካቡ ውስጥ መልሳ ቦራን ለቀቀችው። ከአቧራው መሀል ቀዩ ጡጣ ብቻ ይታየኝ ነበር። እኔ ቦራ ላይ እንዲያ አምሬ አላውቅም። ይህን እዚህ ጻፍኩት እንጂ ለማንም አልናገረውም።

እማዬን ፈለግኋት፤ ሄዳለች።

ሐሙስ

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ናት፣ ማሰሮዋን ታቅፋ። ያው ሥር። ስመኝ እጇን ዘረጋች፤ እማዬ ግን አልፋት መጥታ እኔ ፊት አኖረችው።

«ችግሩ ያንተ ከሆነ አንተ ጠጣው።»

ሐኪሙ ከሰጠኝ ውጭ እንዳልወስድ ከልክሎኛል አልኳት። እውነቴን ነው።

«ቅመሰው ብቻ» አለች ስመኝ። ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም።

ጣቴን ነክሬ ላስኩ። ምላሴ ሸሽቶ ጉሮሮዬ ውስጥ ተደበቀ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ስድስት ዓመት ይህንን ስትጠጣ አንድ ቀን ፊቷን አልቋጠረችም።

«እንዴት ነው?» አለችኝ ስመኝ።

«ማር ነው» አልኩ። ድምፄ ግን የሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ስመኝ «ይቀመጡ እንጂ፣ እማማ» ብላ በርጩማ ሰጠቻትና ማሰሮውን ይዛ ወጥታ ጓሮ ደፋችው። እማዬ ሲደፋ ሰማች። በርጩማዋን ወደ እሳቱ አስጠጋች። ስለ ጥርባዋ ልጅ ትንፍሽ አላለች፤ ስትወጣ ብቻ «ሐኪሙ መቼ ነው ያለህ?» አለችኝ።

ሚያዝያ። እስከዚያ ምንም አይታወቅም። ስፌቱ ግን ቀሎኛል፤ ዛሬ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።

ጠዋት ቦራን ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስመኝ ሄደ።