«በላሽ?» የሚለው ማሽን

ሰኔ 14
ሙቀት። ጾም። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የምጽፍበትን ጥቁር መስኮት ስከፍት እንደ ሁልጊዜው «ከውሲ፣ በላሽ?» አለኝ። ከድሬዳዋ ወደዚህ ወደብ ከተማ የመጣሁ ሰሞን ራሴ ነኝ ሴቲንጌ ውስጥ፣ ማሽኑ በስሜ በያዘው ፋይል፣ የጻፍኩት። የእማ ቃል ነው፤ በስልክም ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ሳቢት ሳቀ። «ይቺ ማሽን ጾም ልታስፈታሽ ነው እንዴ?»
የቢሮውን ሲስተም አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም ግን ዛሬም ሴቲንጌን አላነበበም። ጊዜያዊ ፋይሎችህን ትልቁ ዲስክ ላይ አድርግ ብዬዋለሁ፤ ትንሹ ላይ ይከምራል። ይሞላል እኮ! ለሼፉ፣ ለአለቃችን ለሙሕሲን፣ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ነገር አታጪም» ብሎኝ ሄደ።
ይሁን። ዒድን ድሬ ነኝ። ፈቃድ ሰጥቶኛል...

ሰኔ 24
ሞላ። አፕዴቱ መሃል ላይ ቆመ፣ ሰርቨሩም አብሮት። የዕቃ መውጫ ወረቀት ማተም አልተቻለም። የደንበኞቻችን መኪኖች ወደቡ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ።
ሙሕሲን፣ ሰው ሁሉ ፊት፦ «ማሽኑን በእናትሽ ወሬ ሞልተሽ አበላሸሽው!» ሴቲንጌን በገዛ እጁ አጠፋው። «ይቅርታ በይ። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ። አለዚያ ዒድን ተረኛ ነሽ።»
«ላላጠፋሁት?»
እሱም የድሬ ልጅ ነው። የእማን ቤት ያውቃል። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ሰኔ 25
መስኮቱን ከፈትኩ። ዝም።

ሐምሌ 2
ቤት ያከራየችኝ ማይሙና፣ ስናፈጥር፦ «አንድ ቃል ናት እኮ ልጄ። በይና ሂጂ፣ እናትሽን እቀፊ።»
አንድ ቃል... ለምን አልወጣ አለኝ? ዓይኔን ስጨፍን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር። የእማ ሻርፕ ይሸተኛል። ግን አንገቴን ደፍቼ ገብቼ ምን ልላት ነው? አልልም።

ሐምሌ 10
ዒድ። ቢሮው ውስጥ እኔና ቬንቲላተሩ። እማ ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ የጎረቤት ልጆች ጫጫታ።
«ከውሲ፣ በላሽ?»
«በላሁ እማ።»
«ምን በላሽ?»
«መስመሩ አይሰማም» አልኳት። በደንብ ይሰማል። በስልክ ሁሌም በላሁ ነው የምላት።

ሐምሌ 13
ሙሕሲንን መሞከሪያው ማሽን ጋ ጠራሁት። «አፕዴቱን በራስዎ ስም ያስኪዱት። የእርስዎ ሴቲንግ ባዶ ነው፤ የእናት ወሬ የለበትም።» ሳቢት ሳቁን ሊያፍን አሳለ።
አስኬደው። ትንሹ ዲስክ ሞላ። ቆመ።
«የማንንም ሴቲንግ አያነብም» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። «የኔን ቢያነብ ኖሮ ያኔም አይቆምም ነበር።» የትልቁን ዲስክ አድራሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ራሱ ጻፍኩለት። አፕዴቱ ሳይቆም አለቀ፣ ሠራ።
ሳቢት፦ «ሼፍ፣ አሁን ይቅርታ የሚለው ማነው?»
ሙሕሲን ላቡን ጠረገ። «ፈቃድሽን ውሰጂ። ያንን ነገርሽንም መልሺው።» ይቅርታ አላለም። መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሐምሌ 15
ድሬ። የእማን ቃል መስኮቱ ላይ ሳልመልሰው መጣሁ። ባዶውን ይቆይ።
በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ አቀፈችኝ። ከሳች ወይስ እኔ ረስቼ ነው?
«ከውሲ፣ በላሽ?»
«አልበላሁም እማ» አልኩ።