መስታወት ላይ የተጣበቀው ገርባ

ግንቦት 2
ሰበታ ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። ጤፍ ገዢው ሁሉ ከጆንያው አፍ ዘግኖ አይቶ ይሄዳል። ታችኛውን የሚያይ የለም። እኔ ታቹን ሳላይ ገዝቼ አላውቅም።

ከሰዓት አዳዳ ዱርሲቱ፣ የአባቴ እህት፣ ከሱሉልታ ደወሉ። ሻጋታው ገርባ ጆሮ ደርሷል። በሃያ ዓመቱ የሞተ ልጃቸው ነው፤ የቀረው ፎቶ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ። እርጥበት ከፍሬሙ መስታወት ጋር አጣብቆታል። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል... ዘንድሮ ፊቱ ጋ ይደርሳል።

"ዝናብ ሳይገባ አንድ ነገር አድርጉልኝ።"

ለወንድሜ ለጂሬኛ ነገርኩት። "ስካነር እገዛለሁ፤ ለእኔ ተዪው።" ለእሱ ተትቶ ያማረ ነገር አለ?

ግንቦት 6
ቡራዩ፣ ጂሬኛ ቤት። ገዝቷል። እንደ ትሪ የሳሳ። "ፈጣን ነው" ይላል። ምን ሊያሳድድበት?

የአባባን ስላይድ ሰጠሁት፤ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ አለቃው ያነሳው፣ በካርቶን ጠርዝ የታቀፈ ፊልም። ጥቁር ሆኖ ወጣ።

"ስላይዱ ተበላሽቷል።"

ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። አባባ አካፋ ይዞ ይስቃል። በማን እንደሚስቅ አልጠየቅኩም።

ግንቦት 7
በስልክ አነሳዋለሁ ብሎ ሱሉልታ ሄደ። ላከልኝ። መስታወቱ አንጸባርቆ፣ ገርባ ደረት ላይ የጂሬኛ ግንባር፣ ከነመላጣው።

ግንቦት 12
መርካቶ፣ ስካነር መሸጫ። ቁራጭ መስታወትና የአባባን ስላይድ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ።

"እትዬ፣ መስታወቱ ለምንድነው?" አለ ሻጩ፣ ሰልማን።

"የጆንያው ታች ነው።" አልገባውም።

መታወቂያዬን ከመስታወቱ ጀርባ አድርጌ ስስ ስሶቹን ሁሉ ሞከርኩ። ጭጋግ። የነካቸውን እንጂ ትንሽ የራቃቸውን አያዩም። መደርደሪያ ሥር አንድ አቧራ የለበሰ ወፍራም ነበር፤ ክዳኑም ውስጥ መብራት አለው።

"እሱ አሮጌ ሞዴል ነው። የሚፈልገው የለም።"

ሞከርኩት። መታወቂያዬ ላይ ያለችው ኩርፊያዬ ሳትቀር ወጣች። አባባም ከነጥርሱ። ፊቴን ቋጥሬ "እውነትም አሮጌ ነው" አልኩና ገዛሁት።

ግንቦት 14
ጂሬኛ ኢንተርኔት ላይ አይቶ፣ ፎቶውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሊያላቅቅ ሄዷል! የገርባ ትከሻ መስታወቱ ላይ ቀረ።

"ዴሚ! ሂድ! ውጣልኝ! ልጄን ሁለቴ ልትቀብረው ነው?"

አሁን ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ይዘውታል። ማንንም አያስነኩም። እኔንም።

ስካነሩን ከገዛሁ ሁለት ቀኔ። ደውዬ ብነግረው ኖሮ... ፊት ለፊት ልስቅበት አምሮኝ አቆየሁት። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ግንቦት 16
ስካነሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሱሉልታ። ሰው ያህላል።

"አልሰጥም" አሉ።

"እኔ አልነካውም፣ አዳዳ። ራስዎ ያስተኙት።"

ነጠላቸውን ፈቱ። ከዚያ ከነመስታወቱ አስተኙት። ከፍሬሙ ጂሬኛ አውጥቶታል፤ አንድ የረባ ሥራ። መብራቱ ከሥሩ ሲያልፍ እጃቸውን ከላዩ አላነሱም።

ላፕቶፑ ላይ ገርባ መጣ። የተላጠው ትከሻ እንኳ ቦታው ላይ ነው፤ ስንጥቁ ብቻ ይታያል። ፊቱ ሙሉ።

አዩት፣ አዩት...

"ጸጉርህን አበጥር ብዬው ነበር" አሉ።

ሰኔ 5
ዝናብ ገባ። ጂሬኛ የዘመድ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ስካነር ስትገዙ ወፍራሙን ምረጡ፤ በመስታወት ፈትኑት" እያለ ያስተምራል። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ግንቦት 14ን አስታውሼ።

አዳዳ ደወሉ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ዝናብ ይደውላሉ፤ ሻጋታው የት እንደደረሰ ሊነግሩኝ። ዛሬ ጣራው እንደሚያፈስ ነገሩኝ።

"ገርባስ?"

"አንቺ ጋ አለ፣ ያ ቀውስ ወንድምሽ ጋ አለ። ዝናቡ የት አግኝቶት ያረጥበዋል? ይልቅ ለጣራው ሰው ፈልጊልኝ።"