አባባ፣ መጸለይ አቃተኝ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ሞራውን ከገፈፈልዎ ወዲህ ብርሃን እንደሚወጋዎት ሰምቼ፣ ሐሳቤ እዚያው እርስዎ ዘንድ ሲመላለስ ከረመ። ጉልበትዎስ? ለስብከት መድረክ ላይ ሲወጡ ሰው ሊደግፍዎ እጁን ከዘረጋ አሁንም ይቆጣሉ? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧ እውነት ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ» እያለች ጎንበስ ቀና ትላለች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል እገባለሁ። «በአካል» ማለቴን እማዬ ስትሰማ «ታዲያ በምኗ ታማ ነው?» ማለቷ አይቀርም። የምጽፍላችሁም እሱን ለመናገር ነው።

ይህን የምታነብልዎት ታናሽ እህቴ እንደምትሆን አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ አባባን ያሳዝናል ያልሽውን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ከከበደሽ ውኃ ጠጪና ቀጥዪ።

አባባ፣ ስልክዎን ባለማንሳቴ ተቀይመውኝ ይሆናል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንዘፈዘፍ አየዋለሁ። ጥሪው እስኪያቋርጥ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዎን ስለማውቀው ነው። «ልጅቷስ ተሻላት?» ይሉኛል። ልጅቷ ሞታለች፣ አባባ። ከሞተችም ሰነባብታለች።

የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬን በስልክ ያውቋታል። እኔን «ልጄ» ሲሉኝ ከጎኔ ሆና፣ በቋንቋችን ካስተማርኳት ጥቂት ቃላት አንዷን መዝዛ «እኔስ?» ብላ የጮኸችብዎት፣ እርስዎም «አንቺም ልጄ ነሽ» ያሏት ናት። እዚህ ሁሉም ሰው «ሳቂታዋ» ይላት ነበር። ደረጃ ስትወጣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ፎቅ ይደርስ ነበር። የሃይማኖት ንጽጽር ታጠና ነበር። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ እኔ በመስኮቱ በኩል አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ ስጸልይ፣ እሷ በበሩ በኩል በራሷ ሥርዓት ትጸልያለች። አንድ ቀን ሁለታችንም እኩል ጨርሰን ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተጋጨንና «ማናችንን ቀድሞ የሰማ ይመስልሻል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እርስዎ ቢሰሙ ይቆጡ እንደሆነ አሰብኩ፤ ቆይቼ ግን እርስዎም ይስቁ ነበር አልኩ።

ስለ ትምህርቴ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ልንገርዎት። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ መልስ ስላላገኘ ጸሎት ነው። ሰዎች ለምነው ለምነው ሰማዩ ዝም ሲላቸው ምን ብለው እንዳስረዱት፣ ሊቃውንት በየዘመኑ ምን እንደጻፉ አነጻጽራለሁ። ርዕሱን ስመርጥ ደፋር ነበርኩ፤ እሳቱን ከሩቅ የሚሞቅ ሰው ድፍረት ነበር። አማካሪዬን ተማሪዎች «ሚዛን» እንለዋለን፤ እያንዳንዷን ቃል ሳይመዝን አያሳልፍም። መጀመሪያ ባቀረብኩለት ጽሑፍ ላይ «እግዚአብሔር ሰማቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። ከሥሩ አስምሮ «ማን አየ? ማስረጃሽ የታል? ‹እንደሰማቸው አመኑ› በዪ» ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነው፤ የትምህርቱ ሕግ ነው፣ አልተቀየምኩም። እሱ ክፉ ሰው አይደለም።

ነገር ግን እየዋለ እያደረ ያ ብዕር ተከትሎኝ አልጋዬ ሥር ገባ። ተንበርክኬ «አባት ሆይ» ስል «አባት የሚለው ምሳሌያዊ ነው ወይስ ቀጥተኛ?» የሚል ነገር ውስጤ ይጠይቀኛል። «አንተ ታውቃለህ» ስል «ማን አለ?» ይለኛል። የግርጌ ማስታወሻ የሌለው ጸሎት መጸለይ አቃተኝ ብዬ ለሳቂታዋ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «መምህሬን አስወጣልኝ ብለሽ ጸልዪ» አለችኝ። ያኔ ቀልድ ነበር። ያልፋል ብዬ ነበር። ጎረቤታችን አናጢው «ሴት ልጅ ሃይማኖት ተምራ ጳጳስ ልትሆን ነው?» ሲል፣ «ልጄ የምትማረው እኔ በልምድ የማውቀውን በእውቀት ልታጸናልኝ ነው» ብለው አፉን ያስያዙት ትዝ ይለኝና እበረታ ነበር።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነበር፤ ደረጃው መሐል ቁጭ ትላለች። ቀጥሎ ድድዋ መድማት ጀመረ። ሐኪሞቹ ደሟን ደጋግመው ከመረመሩ በኋላ የደም ካንሰር ነው አሉ። የዚያኑ ቀን ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆኜ ደወልኩልዎት፤ ማልቀሴን አስታውሳለሁ። እርስዎም ጉባኤውን ሁሉ አስነሥተው ጾም ጸሎት ያዙላት። እማዬ እህል አልቀምስም ብላ ራሷን ልትስት እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። ለአንድም ቀን ላላያችኋት፣ ሃይማኖቷም ለማይገጥም ልጅ። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ጥቂት ቆይተው ደወሉና «ልጄ፣ ትድናለች። ልቤ አርፏል፤ ንገሪያት» አሉኝ። ነገርኳት። ትራሷን ደግፋ ተቀመጠችና «እርግጠኛ ናቸው?» አለችኝ። «አባቴ ያላመነበትን አይናገርም» አልኳት። አባባ፣ ፊቷ እንዴት እንደበራ ብነግርዎት። በማግስቱ ማስታወሻዎቼን አምጪልኝ አለች፤ ያለፋትን ሴሚናር ልታካክስ። ጸጉሯ ረግፎ ስለነበር መልሶ ሲበቅል እንዴት እንደምትቆረጠው ስታማርጥ ዋለች። ነርሷ እንኳ «ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።

ተስፋው ብዙ አልዘለቀም። መድኃኒቱ አልያዘላትም። እጇ ከስቶ አጥንቷ ወጣ፤ ከንፈሯ እየደረቀ በእርጥብ ጨርቅ አርስላት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አልጋዋ ላይ አርፋ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «እስቲ ያንቺን ጽሑፍ ንገሪኝ። መልስ ያላገኙት ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አለችኝ። እኔ ጅሏ መናገር ጀመርኩ። አንዳንዶቹ እንዲህ ብለው ያስረዳሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ይህን ይቃወማሉ፣ አልኳት። ለፈተና የቀረብኩ ይመስል ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ደረደርኩት። እስክጨርስ ሰማችኝና በዚያች በቀረቻት ትንፋሽ ሳቀች። «ይሄን ለመምህርሽ ንገሪው። እኔን እጄን ያዥኝ» አለች። ያዝኳት። ስለ እርስዎ ትንቢት አንድም ቃል አላነሣችብኝም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

እናቷ የደረሱት ከሞተች በኋላ ነው። አጠር ያሉ፣ ጥቁር ሻል የደረቡ ሴት ናቸው። ቋንቋ አንግባባም፤ ያገራቸው ልጅ የሆነ ተማሪ መሐላችን ቆሞ ያስተረጉም ነበር። እኔ የሃይማኖት ተማሪ መሆኔን ስለነገሯቸው «ለምን?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ «ትበላ ነበር?» ብለው ነው። በመጨረሻ ሾርባ ብቻ እንደነበረ ነገርኳቸው። ከዚያ «ብቻዋን ነበረች?» አሉ። «አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ» አልኳቸው። ልጁ አስተርጉሞ ሳይጨርስ ገባቸው። ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ፊታቸው ላይ አደረጓቸውና ጮክ ብለው አለቀሱ። አባባ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ተጠይቄ በሙሉ ልቤ መመለስ የቻልኩት ያንን ብቻ ነው።

ትምህርት ክፍሉ በትልቁ አዳራሽ የመታሰቢያ ጉባኤ አደረገላት። አንዱ ተነሥቶ «ለበጎ ነው» አለ። ሌላዋ «ፈጣሪ ላይችሉት አይሰጥም» አለች። እኔም ስንት ልቅሶ ቤት ይህንኑ ብያለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ ጎን ቆሜ ብያለሁ። የዚያን ቀን ግን እናትየው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አስተርጓሚው በጆሯቸው ሲያንሾካሹክላቸው አየሁ። «ላይችሉት አይሰጥም» የሚለው ሲደርሳቸው ሴትዮዋ አንገታቸውን አቀረቀሩ። የሚችሉት ስለሆነ ተሰጣቸው ማለት ነው? ደካማ ቢሆኑ ልጃቸው ትተርፍላቸው ነበር? የንግግር ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። «ጓደኛዬ ነበረች» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሲበተን ሚዛን ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። አጽናናኝ፤ ቀስ ብሎም «ጊዜው ሲደርስ ይሄ ጽሑፍሽን ያጠነክረዋል። ካንቺ የተሻለ ማንም ሊጽፈው አይችልም» አለኝ። ለበጎ አስቦ ነው። እኔ ግን የሳቂታዋን እጅ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስገንዘው ታየኝ። ሰንብቼ ቢሮው ሄድኩና ይህን ጽሑፍ አልቀጥልም አልኩት። ርዕስ ልቀይርልሽ አለ። ርዕሱ አይደለም አልኩት። ከጽሑፉ አንድ መንፈቅ ዕረፍት ውሰጂ አለ፤ እሺ ብዬ ፈረምኩ። አሁን ክፍል የምገባው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ። ያ ሥራ ማመን አይጠይቅም።

የአልጋዋን አንሶላ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። እናቷ ልብሶቿን ሻንጣ ውስጥ ሲያስገቡ ካልሲዎቿን አንድ በአንድ ያጣጥፉ ነበር። በቅርቡ ሌላ ተማሪ ይገባበታል ብለውኛል።

ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ከልማድ የተነሣ ራሱ ይታጠፋል። ቃል ግን አይመጣም። ድሮ የሚያቋርጠኝ የሚዛን ድምፅ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። ለማን እንደምናገር አላውቅም። ተናድጄ ብጮህ እንኳ ደግ ነበር፤ የሚጮህ ሰው ሰሚ አለ ብሎ ነው። እኔ ብድግ እላለሁ፣ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ እወጣለሁ። ትምህርቷን ስትጨርስ መጥታ ሰባኪዎቻችንን ታስተምርልናለች እያሉ ጉባኤው እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ለእነሱ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? ባዶ ማሰሮ ይዞ ውኃ ላጠጣችሁ እንደማለት ነው። ስለዚህ አይጠብቁኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። እርስዎን ማሳፈሬን እንደ ሞት ነው የምቆጥረው።

አባባ፣ በእርስዎ ላይ አልፈርድም። የዋሹኝ አይመስለኝም። ልብዎ አርፎ ነበር፤ ልጅቷ ግን ሞተች። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስቀመጥም ስሄድም አያቸዋለሁ፤ የሚያገናኛቸው ነገር አጣሁ። እርስዎ ካለዎት ይንገሩኝ፤ ከሌለዎትም የለኝም ይበሉኝ። ጥቅስ አይላኩልኝ። እንዲጸልዩልኝም አላስቸግርዎትም፤ ብከለክልዎትም እንደማይተዉ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። እህቴ በላከችልኝ የድምፅ መልእክት ጉባኤው ዛሬም «ለፈወስካት ልጅ» እያለ ያመሰግናል። በሚቀጥለው ጉባኤ መድረክ ላይ ሲወጡ «ያቺ ልጅ ሞታለች፤ ለምነን ነበር፣ ሞተች» ብለው ይንገሯቸው። «ለበጎ ነው» ብለው አይጨምሩበት። ምክንያት አይፈልጉለት። ተናግረው ዝም ይበሉ፤ ሰዉም ዝም ይበል። እርስዎ ጋ ያንን ዝምታ ብሰማ፣ እዚህ ያለው ዝምታ ብቻዬን የማልሸከመው ይመስለኛል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ታላቅ ወንድሜን ሱቁን በጊዜ ዝጋ፣ ልጆችህ ሳይተኙ ድረስ በሉልኝ። ሚስቱን አንቺ ባትኖሪ ያ ቤት ይፈርስ ነበር በሏት፤ እሱ እየሰማ ይሁን። መንትዮቹን ልጆቻቸውን ግንባራቸውን ሳሙልኝ፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በድምፅ መለየት አቅቶኛል። አክስቴን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ በሏት፣ ብትቆጣም። ጎረቤታችንን አናጢውን ጳጳስ አልሆንኩም፣ ይረፍ በሉልኝ። አንቺንም አንባቢዋን አልዘልሽም፤ ናፍቀሽኛል።

እማዬን ምን እንደምላት አላውቅም። ሴትዮዋ እጄን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ መዳፋቸው እንደሷ መዳፍ ሻካራ ነበር በሏት።

ልጅዎ

ከተማሪዎች ማደሪያ
የካቲት ፳ ቀን