የእትዬ ሥራነሽ ሁለተኛ ዓይን

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ክፍል ገባሁ፣ ፊዚክስ አስተማርኩ፣ ወጣሁ። ተማሪዎቹ አልገባቸውም። የእኔም ሐሳብ አምበር ከተማ፣ ፀደንያ ጋ ነበር...

ፀደንያ ደወለች። እናቷ እትዬ ሥራነሽ ሽማግሌዎቼን ለምን እንደመለሱ ታወቀ። «ዘሩ ይጣራ» ያሉት ለወጉ ነው። ለልጃቸው ያሉት ሌላ ነው፦ «ይኼ መምህር ገብጋባ ይመስላል።»

እኔ? ገብጋባ? ቆጣቢ ነኝ እንጂ!

ታኅሣሥ 12 ሽማግሌ በድጋሚ ይሄዳል። ያኔም እንቢ ካሉ ፀደንያን አጣሁ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስጦታ ያስፈልጋል። የሚያምር... ግን ርካሽ።

ኅዳር 5
የደብረ ማርቆስን ሱቆች ዞርኩ። ሥዕል የሚሉት ሁሉ የታተመ ፏፏቴ። በዚያ ዋጋ በግ ይገዛል።

አብሮኝ የሚያስተምረው ባዘዘው፦ «ሮብ ገበያ ከተማ ሂድ። መሪጌታ ዘማርያም አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት። ከእጃቸው ግዛ። ሱቅ የለ፣ ደላላ የለ።»

ደላላ የለ! ደስ ሲል።

ኅዳር 10
ሮብ ገበያ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መሪጌታ በረንዳ ላይ ቀለም ሲበጠብጡ አገኘኋቸው። የእትዬን መልክ ሣሉልኝ አልኩ። ዋጋ ነገሩኝ። ርካሽ ነው። ግን አፌ ለምዶበት «ትንሽ ይቀንሱ» አልኩ። ቀነሱ!

ፎቶ ጠየቁ። ስልኬ ላይ ያለው አንድ ብቻ፤ እትዬ በዘመድ ሠርግ ላይ ወጥ አውጪዋን ሲቆጡ። ከጎን።

«የማይታየውን ዓይን ከራሴ ልጨምር? እሱ ሌላ ሥራ ነው።»

ዋጋው ተመልሶ ሊወጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ይቅር መሪጌታ፣ ባለው ይሁን።»

«ኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

ምን ብዬ እወቅሳለሁ? አፍንጫቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኅዳር 24
ሥዕሉን አመጣሁ። የቀሚሱ ጥልፍ ብቻ ዋጋውን ያወጣል! ሳየው አመሸሁ።

ኅዳር 29
ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ በኅዳር መጣ።

ሥዕሉን አምበር ወሰድኩላቸው። እትዬ ጨርቁን ገለጡ። ተጠጉ። ከዚያ፦

«እኔ ይሁዳ ነኝ?»

«ኧረ እትዬ...»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣል ማነው? ጻድቅ ነው? በል ንገረኛ!»

ያኔ ገባኝ። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ሰይጣንና ይሁዳ ከጎን፣ በአንድ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩትን! ፀደንያ ወደ ጓዳ ሮጠች። እያለቀሰች ይሆን?

ኅዳር 30
እየሳቀች ነበር። እናቷ ግን «ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ» ብለዋል። ሰው በዓይን ምክንያት ሚስት ያጣል? ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ታኅሣሥ 1
እትዬ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው፣ እኔን እንደ ተከሳሽ አስከትለው፣ ሮብ ገበያ።

«መሪጌታ፣ ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

መሪጌታ ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ አስቀነሰው።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሙሉውን ከፈልኩ። ከዚያም ጨመርኩ።

እትዬ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መሪጌታ ግን «የደረቀ ፊት አይዞርም» ብለው አዲሱን ዓይን ከአሮጌው ጎን፣ ጆሮው ሥር ሣሉት። ፊቱ ከጎን፣ ዓይኑ ሁለት። አለቀልኝ...

እትዬ አዩት። «እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ከኋላዬ የሚመጣውንም አያለሁ።»

ታኅሣሥ 12
እትዬ «ይምጡ» ብለው ስለነበር ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሥዕሉ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል አሉ። እትዬ መጀመሪያ የጠየቁት፦ «ስንት ዓይን አለው?»

ሁሉም ባንድ ድምፅ «ሁለት!»

ተፈቀደ! ጥር 17 ሠርግ ነው። ደስታዬን የት ላድርገው?

ታኅሣሥ 20
ፀደንያ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። እናቷ ከመሪጌታ የገዙልኝ ነው፤ ሳያስቀንሱ። ፈታሁት።

እኔ ነኝ። ክራቫቴ ሳይቀር። ከጎን። ባንድ ዓይን።

«እማዬ ምን አለች መሰለህ? የሁለተኛው ዓይን ተከፍሏል። የሚሣለው ግን ከሠርጉ በኋላ፣ ጠባይህ ታይቶ ነው።»

ባጃጅ ይዤ ሸኘኋት። ሹፌሩ ዋጋ ነገረኝ። «ቀንስ» ልል አፌን ከፈትኩ... ፀደንያ አየችኝ። ዘጋሁት።

አንድ ዓይን ይቀረኛል።