ላብ ሳይደርቅ የተነገረ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የጥናት ጠረጴዛ ለተጋራኸኝ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትህና ስለ እናትህ ዓይን እጠይቃለሁ። የአዲስ አበባው ብርድ እንዳልተስማማቸው ነግረኸኝ ነበር፤ አሁን እንደምን ናቸው? የእኔን ብትጠይቅ፣ ሐኪም ሊያየው የሚችል ሕመም የለብኝም። ሙቀቱ በርትቷል፤ የደቻቱ ወንዝም የሚያዝያው ጎርፍ አልፎ አሸዋው ብቻ ቀርቷል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በቁጣ የተጻፈ ቃል ትክክለኛነት ይጎድለዋል ብዬ ስለማምን፣ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ብቻ አሰፍራለሁ።

በየካቲት ከዋናው መሥሪያ ቤት የጻፍህልኝን አስታውስ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ፣ የኳስ ቡድኑም ጸሐፊ መሆኔን ጠቅሰህ፣ «ሠራተኛው በእውነት የሚያስበውን ያለ ማዕረግና ያለ መዝገብ ቁጥር ጻፍልኝ፤ ለእኔ ብቻ ነው» አልኸኝ። ቡድኑ ለሥራ ያጫቸው አሥራ ሁለት የከተማው ተወላጆችም ፈትል ክፍል እንዲቀጠሩ እንደምታስወስን ቃል ሰጠኸኝ። ከእነርሱ አንዷ የአምበላችን የዐብዱላሂ እኅት ኡባህ ናት። አባታቸው ከምድር ባቡር ሥራ ከተሰናበቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዐብዱላሂ ትከሻ ብቻ መሆኑን ገልጬልህ ነበር።

ስለ ቡድናችን ልማድ ግን አልነገርሁህም። ተጫዋቾቹ ሁሉም የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ልምምድ ሲያበቃ ደቻቱ አሸዋ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ላባቸው እስኪደርቅ ድረስ ማንም ስለ ማንም፣ ስለ አለቃም ቢሆን፣ ያሻውን ይናገራል። ላቡ ሲደርቅ ይነሣሉ፤ የተነገረው እዚያው ይቀራል። እንኳን ወደ አለቃ፣ ወደ ቤቱም ይዞት የሄደ ሰው የለም። ኳስ የማልነካው እኔ ወደዚያ ክብ የተጠራሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። በረኛው ቡልቻ፣ «አቦ! ይሄ ጸሐፊ ሳይሮጥ ያልበዋል፤ ና ተቀመጥ» ብሎ ሳቀብኝና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

እዚያ የሰማሁትን ቃል በቃል፣ ከነተናጋሪው ስም ጻፍሁልህ። ማስረጃ የሌለው አስተያየት ዋጋ የለውም ተብለን አልተማርንም? ቡልቻ የጥጥ ብናኝ ደረቱን ይዞት ገና በአሥረኛው ደቂቃ እንደሚያስል መናገሩን፣ ዐብዱላሂም «ስናሸንፍ የፋብሪካው ልጆች፣ ፈረቃ ሲገባ የፋብሪካው አህዮች» ማለቱን ጻፍሁ። ይህን የመጨረሻውን የጻፍሁት እየሳቅሁ ነው፤ አንተም ትስቃለህ ብዬ።

ባለፈው ሰኞ ጧት በፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዐብዱላሂ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ተሰናብተዋል፤ በየስማቸው ትይዩ ጥፋታቸው ሰፍሯል። የአህያው ቃል አለ። የብናኙም አለ። ከግርጌው ደግሞ የአሥራ ሁለቱ ቅጥር መሰረዙ ተጽፏል።

ዐብዱላሂ ፊደል አልቈጠረም። «እስቲ አንብብልኝ» ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር። አነበብሁለት። እስክጨርስ ሰማኝና፣ «ወላሂ፣ ይሄን ያልሁት አሸዋው ላይ ነው» አለ። ቀጥሎም ጫማዬን እያየ፣ «ላቤ እንኳ አልደረቀም ነበር» አለኝ። ቡልቻ ግን ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «አቶ ጸሐፊ፣ ለካ ከሁላችንም አርቀህ የምትመታው አንተ ነህ፤ አዲስ አበባ ድረስ!»

ደብዳቤዬ ከእጅህ እንዴት እንደወጣ ብዙ አሰብሁ። ተሰርቆብህ ይሆናል፤ የበላይህ አስገድዶህ ይሆናል። ሁለቱንም ለማመን ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ለምክትል ሥራ አስኪያጅነት መሾምህን የሚገልጸው ማስታወሻ ከስንብቱ ትእዛዝ ግልባጭ ጋር በማግስቱ በአንድ ፖስታ ደረሰኝ፤ የተፈረመበትም ቀን አንድ ነው። እንኳን ደስ ያለህ።

ትናንት በልምምድ ሰዓት ወደ አሸዋው ወረድሁ። ኳስ አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ነበሩ። የምጽፈውን ሁሉ ግልባጭ እንደማስቀር ታውቃለህ። ለአንተ የላክሁትን ደብዳቤ ግልባጭ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ማንም አላቋረጠኝም፤ ማንም ቦታ አለቀቀልኝም፤ ቆሜ አነበብሁ። ስጨርስ ከወንድሟ ኋላ የቆመችው ኡባህ፣ «ይሄ የጻፍህለት ሰውዬ ማን ነው?» አለችኝ። «ወዳጄ ነው» አልሁ። «ስም የለውም?» አለች። ግልባጩን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ሥራዬን ለቅቄ የቢሮዬን ቁልፍ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አስረክቤአለሁ። በየካቲት የጻፍህልኝ ደብዳቤ ግን፣ ቃል ኪዳንህና ፊርማህ እንዳለበት፣ ከእኔ ጋር ነው። አሥራ አንዱ ሰዎች አቤት ብለዋል፤ የሥራ ክርክር ሰሚው ሸንጎም ሰኔ ፭ ቀን በምስክርነት ጠርቶኛል። በዚያ ቦታ «ወዳጄ ነው» የሚል መልስ በመዝገብ እንደማይሰፍር አንተም ታውቃለህ። ደብዳቤ ከዚህ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን፣ ስንብቱን የሚሽር መልስህም ለመመለስ ሦስት ቀን ይበቃዋል። እስከዚያ ድረስ ይህን ሁሉ ላቤ ሳይደርቅ እንደነገርሁህ ቍጠረው።

የእናትህን ዓይን እግዚአብሔር ያብራላቸው፤ አንተንም በሹመትህ ከፈተና ይጠብቅህ።

እስከ ሰኔ ፭ ወዳጅህ